የይሻው ሳንባ በፍልሰታ

ሐምሌ 28 ቀን 2010

ዝናብ። ወንድሜን ይሻውን ይዤ ባሕር ዳር ወረድኩ፤ የተለመደው የደም ምርመራ። ሕንድ አገር የሌላ ሰው ሳንባ ከተተከለለት ወዲህ ተማሪዬ የነበረችው ዶክተር ዓይናለም ናት የምትከታተለው።

ዛሬ ደሙን የምትመረምርበትን ማሽን አሳየችኝ። ነጩ የደም ሕዋስ ለጠብ ሲነቃ ገላው ላይ ምልክት ያወጣል፤ እሷ ምልክቱን ቀለም አስይዛ ትቆጥራለች። የነቁት ጥቂት ናቸው። ሳንባው ሰላም ነው። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይህ! ዕድሜ ልኬን ስለ ሕዋስ ሳስተምር መች አየሁት?

ይሻው ግን ሕዋሳቱን፣ «እንግዳ መቀበል የማያውቁ ባለጌዎች!» አላቸው።

«መርጌታ፣ አይስደቧቸው። ዘበኞች ናቸው» አለች እየሳቀች። «መድኃኒትዎ ነው የሚያስተኛቸው።»

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ከገባ ይሻውን የማየው ከቅዳሴ መልስ ብቻ ነው። መድኃኒቱንስ? «እየዋጥኩ ነው እትዬ» አለ። ደህና።

ነሐሴ 8

ዓይናለም ደወለች። ትናንት በሰጠው ደም የነቁት በዝተዋል።

«ያስላቸዋል?»

«ኧረ! ከትናንት ወዲያ ጋፋት ድረስ በእግሩ ሄዶ መጣ።»

«ትንፋሻቸው ገና አልሰማም ማለት ነው፤ ደማቸው ቀድሞ ነገረን። መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?»

ጠየቅሁት። የጠዋቱን ከቅዳሴ በኋላ! ቀኑ ከተጋመሰ... አልዋሸኝም፤ መዋጡንስ ይውጣል። ሰዓቱን ግን ለጾሙ አስገዛው። ሳንባው ከተበላሸ ሌላ ከየት ይመጣል?

«ሳልቆርብ ውሃ በአፌ ይዙር? ተማሪዎቼ ጾመው እኔ ልግደፍ?»

«ስትሞትስ ማን ያስተምራቸዋል?»

ግትር!

ነሐሴ 9

ማልደን የነፍስ አባታችን አባ ገብረእግዚአብሔር ዘንድ። እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«ይሻው፣ ትታዘዛለህ?»

«እታዘዛለሁ አባቴ።»

«እንግዲያው ቀኖናህን ስማ። ጠዋት መድኃኒትህን በሰዓቱ ትውጣለህ። እስክትድን ቅዳሴ አስቀድስ እንጂ አትቆርብም።»

«አባቴ፣ ይህማ ጾም መሻር...»

«መራብ ላንተ ምንህ ነው? ለምደኸዋል። አንተን የሚከብድህ መዋጡ ነው።»

አለቀሰ። ከዚያው በቀጥታ ባሕር ዳር፤ ዓይናለም ሆስፒታል አስተኛችው።

ነሐሴ 13

የደብረ ታቦር በዓል በሆስፒታል አለፈ። በደም ሥሩ የሚሰጡት መድኃኒት ትናንት አበቃ። አሁን መጠበቅ... ዓይናለም ራሷ ደሙን ቀዳች። በበዓል ቀን! እኔ ነኝ ያስተማርኳት? ይገርመኛል።

ነሐሴ 15

ትናንት ተመለስን። ዛሬ ዓይናለም ደወለች፤ የነቁት በግማሽ ቀንሰዋል። ሳንባው አልተጎዳም። ክትትሉ ግን ይቀጥላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ልነግረው ጉባኤ ቤቱ ሄድኩ። ጠዋት ነው፤ ተማሪዎቹ ከበውታል፤ ሁሉም ጿሚ። ይሻው ዜማውን አቋርጦ እንክብሉን አወጣ። ፊቱን አላዞረም፤ እዚያው መካከላቸው በውሃ ዋጠው።

«የኔታ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ ደንግጦ።

«ጾም ነው። እኔ ታዝዤ ነው። በል፣ አንተ ካቆምክበት ቀጥል።»