ብስክሌት እንደ በቅሎ ነው ወይስ እንደ መኪና?

ማክሰኞ

የሰማያዊው ብስክሌት ፍሬን አይይዝም። ሐያት "ይይዛል እትዬ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው እንጂ" ትለኛለች። ቆይቶ የሚይዝ ፍሬን ፍሬን አይባልም አልኋት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ባለው ቁልቁለት ደጋግማ እንድትሞክረው አደረግሁ፤ ገመዱን ካጠበቀችው በኋላ ያዘ። የዛሬ ድል ይህ ብቻ ነው።

የቀረው፦ የቀዩ ካቴና ዘይት ይፈልጋል። አንዱ ኮርቻ ይወዛወዛል። ጎማ መንፊያው የት እንደገባ አልታወቀም። ሄልሜቱ ከሻሽ በላይ ይታሰር ወይስ ከሥር፣ አልተወሰነም።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ራሴን ጠየቅሁ። ሐያት ተከራዬ ናት፤ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ከዱባይ ከተመለሰች ወዲህ ከጓሮ ባለችው ክፍል ትኖራለች። ብስክሌት የተማረችው እዚያ ነው፤ የአሠሪዎቿ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በእነሱ ብስክሌት ግቢውን እየዞረች። ግንቡ ረጅም ስለነበር ከግቢው ውጭ ያለውን አገር አይታው አታውቅም። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየላጠች፣ እንደ ተራ ወሬ ነው። አሁን ከኮምቦልቻ ያገለገሉ ብስክሌቶች አምጥታ፣ እንግዶችን በሐይቅና በአምባሰል መንደሮች ልታዞር ትፈልጋለች። የመጀመሪያዎቹ እሑድ ይመጣሉ፤ አራት ነርሶች ከደሴ።

ካልተሳካ ወደ ዱባይ የሚመልሳት ደላላ ቪዛ ይዞ ይጠብቃታል። "ይኼ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ፤ ለአክስቴ ቃል ሰጥቻለሁ" ብላኛለች። እንድትሄድ አልፈልግም። አልነገርኋትም። ውሳኔው የእሷ ነው።

ረቡዕ

ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ይህን አገር የማውቀው ከካርታና ከአውቶቡስ መስኮት ነው። በብስክሌት ፍጥነት ሲታይ ምን ይመስላል? ሐያት መንገዱን ስትሞክር ከኋላ በባጃጅ ልከተላት ወሰንሁ። ባለባጃጁ ሰይድ ነው።

"ማዘር፣ ቀስ ብዬ ልንዳ ወይስ ልቅደማት?"

ማዘር አትበለኝ፣ ማንንም ደግሞ አትቅደም አልሁት።

"እሺ ማዘር" አለ።

የሐይቁ ዳር መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ ዛፉም ጥላውም ደህና። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚያስገባው መንገድ ላይ ቆምን። ነርሶቹ ሴቶች ስለሆኑ ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም፤ ውሃውን ከዚያ ላይ አይተው ይመለሳሉ። ይህን ከደሴ ሳይነሡ ትንገራቸው። እንግዳ በር ላይ ደርሶ መመለስ የለበትም።

ብስክሌት ድምፅ የለውም። ዳክዬዎቹ አልተነሡም። ዓሣ አጥማጆቹ ቀና ያሉት ካለፈቻቸው በኋላ ነው። ሌላም ነገር አስተዋልሁ። መኪና ሲመጣ ሰው ዳር ይይዛል። በቅሎ ሲመጣ ሰው ሰላም ይላል። ብስክሌት ሲመጣ ግን ምን እንደሚያደርግ ገና አልቆረጠም፤ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ እጁን ያነሣል። አንዲት ሴትዮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለማድረግ ሞክራ ዘንቢሏን ጣለች። ለምን ይሆን? ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ሐሙስ

መጥፎ ቀን።

ሰይድ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ አረጋገጠና ጥድ አፋፍ ወደምትባለው መንደር ወጣን። የሚወስደው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ አምባሰል በኩል የሚሄድ ጠጠር መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድና ወይራ፣ በዛፎቹ መካከል ቢጫ ማለት የጀመረ ጤፍ። መንደሩ የጥንት ነው። የድንጋይ ቤቶቹ ፎቅ አላቸው፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ዋርካ ይጋራሉ። ነርሶቹ ማየት የሚገባቸው ይህን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በመንደሩ መውጫ ድንኳን ተጥሎ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ለቅሶ ነው። ሰይድ ሬዲዮውን ዘጋና ባጃጁን አቀዘቀዘ። ሐያት ግን ደወሏን አንቃጨለች፤ "አሰላሙ አለይኩም!" ብላ እጇን አንሥታ፣ ቀሚሷ እየተርገበገበ፣ በሐዘንተኞቹ ፊት ቁልቁል በረረች። ለአክብሮት ብላ ነው። ሰው ባለበት ሁሉ ደውይ ያልኋትም እኔ ነኝ።

አንድ ሽማግሌ ከድንኳኑ ወጡ። ሼህ ይማም ይባላሉ፤ የሞተው ታናሽ ወንድማቸው ነው። አልጮኹም። ባጃጁን በከዘራቸው አስቆሙና "የማን ናት?" አሉ።

ከእኔ ጋር ናት አልሁ።

"ሐዘን ፊት ባለ በቅሎ ይወርዳል። ባለ ፈረስ ይወርዳል። ንጉሥም ቢሆን ይወርዳል። እሷ ደውል እየመታች አለፈች። ሁለተኛ በዚህ እንዳትመጡ።"

ሐያት ታች ሆና ትጠብቀን ነበር። ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ምን አውቄ እትዬ? መኪና ይወርዳል እንዴ?"

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሌላው መንገድ ሲኖትራክ የሚርመሰመስበት አስፋልት ነው፤ ጀማሪ አይነዳበትም። ጥድ አፋፍ ከተዘጋ እሑድ የለም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ለቅሶ ልንደርስ በሰይድ ባጃጅ ሄድን። ከመንደሩ በፊት ወርደን በእግራችን ገባን።

"ቢያባርሩንስ?" አለች ሐያት።

ለቅሶ የመጣ አይባረርም አልኋት። እርግጠኛ ግን አልነበርሁም።

ሴቶቹ ዘንድ ተቀመጥን። የሟች እህት አሚና ሐያትን አተኩረው ካዩ በኋላ "ያቺ በራሪዋ አንቺ ነሽ?" አሏት።

"ወላሂ አላወቅሁም እናቴ። አላህ ይዘንላቸው።"

"ዐረብ አገር ነበርሽ መሰል።"

"ልጅ ሆኜ ነው የሄድሁት።"

አሚና ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት።

ወንዶቹ በኩል ስለ ብስክሌቱ ክርክር ተነሥቷል። ሼህ ይማም "መምህርት፣ እስቲ ወዲህ ይምጡ" ብለው አስጠሩኝ። ሄጄ ተቀመጥሁ።

"ጎማ አለው። ጎማ ያለው መኪና ነው፤ መኪና አይወርድም" ይላል አንዱ።

"ጋሪም ጎማ አለው። ባለ ጋሪ አይወርድም?"

"ነዳጅ አይጠጣማ!"

"ገብስስ ይበላል?"

ሳቅ አመለጣቸው። ለቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ሁሉም በየፊናቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እኔ ደግሞ ባለ በቅሎ የሚወርደው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ "ሐዘንተኛን ከላይ ሆኖ ቁልቁል እንዳያይ ነዋ" አለ። ሼህ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይደለም። የወረደ ሰው አልቸኩልም ማለቱ ነው። ጉዳዬ ይቆይ፣ ሐዘናችሁ ይቅደም ማለቱ ነው።"

ይህን መልስ ወደድሁት። መኪና ውስጥ ያለውስ?

"ተሳፋሪ ምን ያድርግ! መኪናው በእጁ አይደለም።"

ሾፌሩስ?

ሰይድ ከዳር "እሱ ሬዲዮ ይዘጋል" አለ።

እንግዲያው አልሁ፣ ብስክሌት በሰው እግር ነው የሚሄደው። ባለቤቱ መቆምም መውረድም ይችላል። መውረድ ከቻለ መውረድ አለበት።

ሼህ ይማም ወዲያው ያዙኝ። "እንዲያ ከሆነ ልጅቱ አጥፍታለች ማለት ነዋ!"

በራሴ ክርክር ተያዝሁ። አጥፍታለች አልሁ። ግን እኛ እዚህ ያለነው፣ ይህን ሁሉ ዕድሜ ይዘን፣ ገና አሁን ነው የተስማማነው። ብቻዋን ሐሙስ ዕለት፣ ቁልቁለት ላይ ሆና፣ ከየት ታምጣው?

አንዱ "አጃኢብ" አለ። ሼህ ይማም ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩና "እናስብበት" ብለው አሰናበቱን። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም።

ቅዳሜ

ከጥድ አፋፍ ወሬ የለም። ደላላው ደወለ። ሐያት በአጭሩ መልሳለት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ምነው ብላት "አቧራውን ልጠርገው ነው" አለችኝ። የተጠረገ ሻንጣ ነበር።

ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብዬ አወራረድ አለማመድኋት። ከሩቅ ፍሬን መያዝ፤ በግራ በኩል መውረድ፤ ደወል አለመንካት፤ ብስክሌቱን ከጎን እየገፉ ራስን ዝቅ አድርጎ ማለፍ።

"እትዬ፣ መግፋትም ይለመዳል እንዴ?"

አንቺ በጥድፊያ ነው የምትገፊው፣ እንደገና ሞክሪ አልኋት። አሥር ጊዜ ያህል ግቢውን ገፋችው። በመጨረሻ ደህና ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ መጣ። "ሼሁ 'ይምጡና እንይ' ብለዋል።" እንይ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት።

"ማዘር፣ እንይ ማለት እንይ ነው።"

ሻንጣው አሁንም አልጋው ላይ ነው።

እሑድ

ነርሶቹ በሰዓታቸው መጡ። ይህን ወደድሁላቸው። ትልቋ ከልጅነቷ ወዲህ ነድታ አታውቅም፤ ሐይቁ ዳር አንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች፣ እየሳቀች ወጣች። ጉዳት የለም።

ከጥድ አፋፍ በፊት ሐያት እጇን አነሣች። ሁሉም ወረዱ። ሄልሜት ከሻሽ በላይ እንዳሰሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሰልፍ እየገፉ መንደሩን አቋረጡ። እኔና ሰይድም ባጃጁን አቁመን በእግር ተከተልን። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሼህ ይማም ትክ ብለው ካዩ በኋላ "ምነው? ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" አሉ።

"ለወንድምዎ ነው አባባ" አለች ሐያት።

"ድንኳኑ ትናንት ተነሣ እኮ ልጄ! ኧረ ውጡበት። በሬ ሞቶበት ቆዳውን የሚጎትት ሰው መሰላችሁ።"

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ትልቋ ነርስ ብስክሌቷን ለቅቃ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። አሚና ከደጃቸው መጥተው "እስቲ ውጪበት፤ ያን ቀን አይኔ ሳይጠግብሽ ነው ያመለጥሽኝ" አሏት። ሐያት ወጥታ ዋርካውን በዝግታ ዞረች። ሼህ ይማም "ደውሉስ?" አሉ። ደወለች።

"በዚህ እለፉ" አሉ ቀጥለው፤ "ለቅሶ ካለ ትወርዳላችሁ፣ ከሌለ ትነዳላችሁ።" የተከራከረ የለም።

ነርሶቹ ሲሰነባበቱ "ጓደኞቻችንን ይዘን እንመጣለን" አሉ። እንመጣለን ያለ ሁሉ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ሐያትም ታውቃለች።

ሰኞ

ጠዋት ደላላው ደወለ። ሐያት ግቢው ውስጥ ቀዩን ብስክሌት ገልብጣ ካቴናውን ዘይት ታጠጣ ነበር። እጇ በዘይት ስለተለወሰ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ያዘችው። ሰውየው ረጅም ንግግር አደረገ። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም።

"አሁን አልችልም" አለችው፤ "እንግዶች አሉኝ።"

ዘጋችው። እንግዳ የለም። ግቢው ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ለሚመጣው እሑድም እስካሁን የደወለ የለም። ይቅርብኝ ማለቷ ይሁን፣ ወይስ ቆይተህ ደውል ማለቷ፣ ከፊቷ ላነበው ሞከርሁ። ካቴናውን ማዞሯን ቀጠለች።

ጥያቄ ማቆየት አይሆንልኝም። ይህን ግን አልጠየቅኋትም።