የስለትሽ ዣንጥላ

ይድረስ ለባለቤቴና ለክርክር ጓደኛዬ ለአስካለ፤

ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ስለዚያኛው አገር ከኔ ይልቅ እርግጠኛ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ደህና ነሽ ብዬ ልነሳ።

ቤቱ ደህና ነው። ከፍሬው የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ልጃችን ማርታ በየእሑዱ ትደውላለች። መብላቴን ከጠየቀች በኋላ ምን እንደበላሁ ደግሞ ታጣራለች፤ መርማሪነቱን ካንቺ ወርሳለች። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሌራ የጋራ አጥራችንን አደሰው። ሦስታችን ቆመን የምንከራከርባትን ክፍተት ግን ሳይዘጋ ተዋት። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብቅ ይልና «አካም ቡልተን፣ ባርሲሳ?» ብሎ እኔን አስተማሪውን እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል። ከዚያ ትንሽ ይቆያል፤ ያንቺን ድምፅ የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ያን ክርክራችንን ታስታውሻለሽ? እኔ የባዮሎጂ አስተማሪው፣ ተፈጥሮ ሥርዓት አላት፣ ሥርዓቷን ስታፈርስ አንድም ቀን አላየሁም እላለሁ። አንቺ፣ ሥርዓቱን የሠራው ጌታ በገዛ ቤቱ ማንን ያስፈቅዳል ትያለሽ። ኦቦ ቶሌራ ጴንጤ ነውና ተአምሩን ካንቺ ጋር ሆኖ ያምናል፤ ስለቱ ላይ ስንደርስ ግን፣ ፈጣሪ ዋቃ ዣንጥላ ምን ያደርግለታል ብሎ ወደኔ ይዞራል። እኔ ደግሞ ወሬ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያድግ አስረዳችኋለሁ። ዲጋ ላይ በምርኩዝ መራመድ የጀመረ ሽባ፣ ወሬው ቡርቃ ጃቶ ሲደርስ ይሮጣል፤ አኖ ሲደርስማ አውቶቡስ ይቀድማል። በዚህ ከሁላችን በላይ የምትስቂው አንቺ ነበርሽ። ስቀሽ ስታበቂ ግን ካመንሽበት ንቅንቅ የለም።

ከዚያ ነገሩ በራሴ መጣ። ለፈተና ቁጥጥር ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርጄ ያመጣሁት ወባ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ሆስፒታል ገባሁ። ከነዚያ ቀናት የማስታውሰው ነገር የለም። የማስታውሰው መንቃቴን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፊትሽ ከላዬ ነው። አልሳቅሽም፣ አላለቀስሽም፤ አዲስ ሰው የምታዪ ይመስል ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር።

ለካ ገብርኤል ካዳነልሽ ባለ ዘርፍ ከፋይ ዣንጥላ ልታስገቢለት ተስለሽ ነበር። እኔ አፌ እንደተፈታ ክርክር ጀመርኩ። ያዳነኝ በደም ሥሬ የገባው መድኃኒት ነው አልኩሽ። አንቺም፣ አንተ ተኝተህ ነበር፣ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ታዲያ ምስክሩ የትኛችን ነን አልሽኝ። ያን ያህል ዘመን ስንከራከር እንዲህ አፌን ያስያዘኝ መልስ አልነበረም። እኔም የቀረኝን የመጨረሻውን ነገር አወጣሁ፤ ከጎኔ ተኝቶ የነበረውን የዲጋ ሰው። በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፤ ሚስቱ አዴ ጫልቱም ለዚያው ለገብርኤል ተስላለት ነበር። እሱ ሞተ። ለምን? አልኩሽ።

በትዳራችን ሙሉ መልስ ያጣሽው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሳምንቱ ለለቅሶ ዲጋ ሄድሽ፤ ከዚያም በኋላ ተመላለስሽ። ጫልቱም ለገበያ ነቀምቴ ስትመጣ እኛ ቤት ማረፍ ጀመረች። ጥያቄዬን ግን አንድም ቀን አላነሳሽልኝም።

ዣንጥላውን ገዝተሽ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖርሽው። ለሐምሌ ገብርኤል አንተው ተሸክመህ ትገባለህ፣ የተደረገልህንም በአፍህ ትናገራለህ አልሽኝ። የማላውቀውን አልናገርም አልኩሽ። አልተቆጣሽም፤ እስከ ሐምሌ አስብበት ብለሽ ወደ ሥራሽ ዞርሽ። ሐምሌ ሳይደርስ፣ በሰኔ፣ ልብሽ በድንገት ቆመ። ያን ሐምሌ ወደ ቁም ሳጥኑ ቀና ብዬ ማየት እንኳ አልቻልኩም።

ዘንድሮ ግን ተሸከምኩት። ዝናቡ የሐምሌ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ኦቦ ቶሌራ በላስቲክ ጠቅልሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አገዘኝ። አልገባም፤ ግን ወደ ቤቱም አልተመለሰም፣ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ጫልቱም ከዲጋ መጥታ ነበር። ለሙት ዓመትሽ በመጣች ጊዜ ዣንጥላውን አይታ የሚገባበትን ቀን ጠይቃ ይዛ ነበር።

ስለታቸው የደረሰላቸው ሰዎች ተሰልፈው ተራ በተራ ድምፅ ማጉያው ፊት ይቆማሉ። ከፊቴ የነበረችው ከስንት ዓመት በኋላ ልጅ የታቀፈች ሴት ናት፤ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ መሪጌታው ማጉያውን ወደኔ አዞሩና፣ ምን ተደረገልህ አሉኝ። ጫልቱ ክንዴ አጠገብ ቆማለች። ገብርኤል አዳነኝ ብል፣ የባሏን አልጋ አልፎት ሄደ ብዬ ለሷ መንገሬ ነው። መድኃኒት አዳነኝ ብል ደግሞ፣ መልስ መስጠት በማትችይበት ቀን አንቺን ውሸታም ማድረጌ ነው። አስኩዬ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ያስተማርኳቸው ልጆች ሳይቀሩ ቆመው አፍ አፌን ያዩኛል።

ያንቺ ጥያቄ ያን ጊዜ መጣልኝ። «እኔ ተኝቼ ነበር» አልኩ። «ያየችው ባለቤቴ አስካለ ናት። ዣንጥላውም ምስክርነቱም የሷ ነው። እሷ ዛሬ የለችም። እኔ የማውቀው ስትለምንልኝ መክረሟንና መንቃቴን ብቻ ነው።»

መሪጌታው ማጉያውን እንደያዙ ቀሩ፤ የሚሰማው ዝናቡ ነው። እልል ያለችው ጫልቱ ናት። ከጎኔ፣ ብቻዋን፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ደጋግማ እልል አለች፤ ሕዝቡ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ ያልነቃላት ሴት እኔ በመንቃቴ እልል አለች። ዣንጥላውን ተቀብለውኝ ሲዘረጉት፣ ቀዩ ከፋይ በዝናቡ መሃል ሲከፈት፣ የማየው በእንባ ነበር።

ስንመለስ ለምን እልል እንዳለች ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ቀረሁ። እሷም ዣንጥላው እንደሚያምር፣ አንቺ ዕቃ መምረጥ እንደምታውቂ ብቻ ተናግራ ስለ በቆሎዋ አወራችኝ። ኦቦ ቶሌራ ከበሩ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶታል። እንዳይከራከረኝ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አጥሩ ጋ ስንለያይ «ባርሲሳ፣ ዋቃ ሰምቷል» ብሎኝ ገባ።

አሁንም ተአምር አለ ብዬ አልፈረምኩልሽም። ስለ ወባ ሳስተምር ተሐዋሲው ደም ውስጥ እንዴት እንደሚራባ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚገድለው ሰሌዳው ላይ እስላለሁ። ሥዕሉ ትክክል ነው። ግን እዚያ ስደርስ ጠመኔዬን እንደያዝኩ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቹ የረሳሁ ይመስላቸዋል። የሚያቆመኝ መገረም ነው። በሕይወት መኖሬ ይገርመኛል። የጫልቱ እልልታ ደግሞ ከሱም ይበልጥብኛል፤ ሰሌዳዬ ላይ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም። ምናልባት ያኔ ዝም ብለሽ ዲጋ የተመላለስሽው መልሱን ስለምታውቂ ይሆናል።

ዣንጥላሽ በየንግሡ ከታቦቱ ጋር ይወጣል። እኔም እግሬ እስከሄደልኝ ድረስ ከሕዝቡ መሃል ቆሜ አየዋለሁ፣ አስብሻለሁ፤ ጫልቱም እመጣለሁ ብላለች። የአጥሩ ክፍተት እንደተከፈተ ነው፤ ክርክራችንንም አልዘጋሁትም። እንዳልሽኝ፣ እስከ ሐምሌ አስብበታለሁ።

ያንቺው ግርማ
ነቀምቴ