ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል

መሳለሚያ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአበልጄ፣
ቡሬ

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እዚህ ሳለሽም ክረምቱ ሊገባ ሲል ይቆረጥምሽ ነበር። የክርስትና ልጄ ሎዛስ ደኅና ናት? የሁለት ልጆች እናት መሆኗን ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልሽ ከበርበሬ ጫኙ ሹፌር ሰምቼ ብቻዬን እልል አልኩ። እኔ ተመስገን ነው፣ አለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ በመነጽር ግን አነባለሁ። ባለቤቴ ፍስሐ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። መርካቶ ውስጥ ቤት ጸጥ ይላል ወይ ብትይኝ፣ ይላል።

የባለቤትሽን የበፍቃዱን ማረፍ የሰማሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ጎጃም በረንዳ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ነው። ሹፌሩ የቡሬ ሰው መሆኑን ስሰማ ስለ እናንተ ጠየቅኩት። ጆንያ እየቆጠረ፣ ቀናም ሳይል፣ «ምድጃ ሠሪው? እሱማ ሁለት ዓመት አለፈው» አለኝ። በርበሬውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ነፍስ ይማር ለማለት ስምንት ወር መፍጀቴን ይቅር በይኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ከነፍስ ይማር በፊት መጻፍ ያለበት ሌላ ነገር እየመጣብኝ አስቀምጠው ነበር። ዛሬም ደክሞኛል፤ ግን ካሁን ወዲያ ቀን የለኝም።

ያ የተቃጠለው ግቢያችን መናፈሻ ሊሆን ነው።

አትሳቂ። እኔም ሲነግሩኝ ስቄያለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ ኖረ። አንዴ ፎቅ ይሠራበታል፣ አንዴ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል ሲባል ጉሎ በቀለበት፣ ቆሻሻ ተደፋበት። ባለፈው ኅዳር ሰገነት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከከተማው አስተዳደር መጥታ ኮሚቴ አቋቁሙ አለች። የነዋሪ ተወካይ ሲፈለግ ወረቀት የሚያነብ ሰው ይሁን ተባለና ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እምቢ አልኩ። እምቢታዬን ትሕትና አደረጉት።

ሰገነት በእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። በአረንጓዴ ክብ ክብ የተሞላ ነው። ሐጂ አብራር፣ ያ አቡጀዲ አከፋፋዩ፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ክብ ክቡ ምንድን ነው፣ እንጀራ ነው?» አሏት። «ዛፍ ነው ሐጂ፣ ከላይ ሲታይ» አለች። «ከላይ የሚያየውማ አላህ ነው፤ እኛ ከታች ነን የምንከፍለው» ሲሉ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ቀጥለውም መርካቶ ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው ወይ ይሸጣል ወይ ታሟል፤ ሱቅ የሌለበትን መሬት ምን ብለን እንጥራው አሏት። የልጅቷ ፊት ቀላ፤ ግን አላፈገፈገችም። «እረፍት በሉት» አለቻቸው።

ከዚያ ምንይሉ ተነሣ። የተሸካሚዎች ተወካይ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ ገና ጢሙን ያላበቀለው የመኮንን ልጅ። አግዳሚ ወንበር ለእኛ አይሆነንም አለ። «ከተቀመጥን መልሶ የሚያሸክመን የለም። በትከሻ ልክ ግንብ ሥሩልንና ሸክሙን አስደግፈን፣ እንደቆምን እንተንፍስ።» ሰገነት ሜትር አውጥታ እዚያው ትከሻውን ለካች። ሐጂም ግንቡን እኔ እሠራለሁ፣ ውሃውንም እኔ አስገባለሁ፣ «ስሜን ግን አትለጥፉበት፤ የመርካቶ ሸክም ሁሉ የኔ ይመስላል» አሉ። ሐጂ ሲወስኑ አይቆዩም፤ ግንቡን በሁለት ሳምንት ከመንገዱ ዳር አቆሙት። ሌላው ገና ጉሎ ነው፣ ግንቡ ብቻ አለ። ተሸካሚዎቹ ወረፋ ይዘው ይደገፉበታል።

አጥሩንና የአፈሩን ሥራ ከተማው ችሏል። ዛፉና የድንጋይ ንጣፉ የሰፈሩ ሰው ድርሻ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ማለት ደግሞ እድራችን ነው። ሰኔ ሠላሳ በጀቱ ይዘጋል። እስከዚያ የእድሩ ድርሻ ካልገባ የከተማው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ባለበት ይቆያል። ጋሼ ወልደሚካኤል አሁንም ሊቀመንበር ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል። መጀመሪያ «እድር ሰው ይቀብራል እንጂ ዛፍ አይተክልም» ብለው ነበር። በኋላ ተለሳለሱና አንድ ነገር ጠየቁ። የቦታው ታሪክ በመግቢያው ላይ በእምነ በረድ ተጽፎ ይቁም፣ እድሩ ያኔ ቤት ለተቃጠለባቸው ያደረገው ይታወቅ አሉ። ጽሑፉን እኔ ላዘጋጅ ተወሰነ።

በቃላቸው አስጻፉኝ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. አሉ፣ ጻፍኩ። ዐሥራ አንድ ቤት ነደደ አሉ፣ ጻፍኩ። ከምድጃ ሠሪው ከበፍቃዱ ወናፍ በተነሣ እሳት ሲሉ እጄ ቆመ። ስም ባይጠቀስስ ጋሼ አልኳቸው። «ለምን አይጠቀስም? ከእድሩ የተሰረዘበት ወረቀት አለን እኮ። ያንቺው ጽሕፈት ነው» አሉኝ።

የኔ ጽሕፈት ነው። ይህን አታውቂም። በፍቃዱ ከእድር ሲሰረዝ የእድሩ ጸሐፊ ጠበል ሄዶ ነበርና ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። የጻፍኩትን ወስደው እናንተ በተጠለላችሁበት ላስቲክ ላይ ለጠፉት። አንቺ ማንበብ ስለማትችዪ ሎዛ ናት አንድ በአንድ እየቆጠረች ያነበበችልሽ። ፊደሉን ያስቆጠርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህንንም የምታነብልሽ እሷ መሆኗን አውቃለሁ። ሎዛዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን አትዝለዪ። እንዳለ አንብቢላት።

ከግቢያችን በር አጠገብ ያለችው ክፍሌ መስኮት አልነበራትም። ፍስሐ የሚሸጠውን ስፖንጅ በጀርባዋ በኩል እስከ ጣሪያ ይደረድርባታል። ማንበብ የተማርኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው፣ ብቻዬን። ፍስሐ አልከለከለኝም፤ ሽሮው ባረረ ቁጥር ግን ወረቀት ታቅፈሽ ነበር ይለኛል። ስለዚህ እሱ ሱቅ ሲውል፣ በቀን፣ በዚያች ጨለማ ክፍል አነብ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ የተደፋ ጣሳ ላይ አቆማለሁ። አንቺ እንኳ በቀን ሻማ የሚያበራ ወይ ቄስ ነው ወይ አንቺ ነሽ ትዪኝ ነበር።

ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ጧት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በፍቃዱ ከሱቁ ደፍ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ዛሬ ምነው አልኩት። «ከሰል አልመጣልኝም፣ እጄ አርፏል» አለኝ። ምድጃው ውስጥ ድመት ተኝታ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ከግቢያችን ማዶ፣ ከእትዬ ባይነሽ ቤት ለቅሶው ተሰማ። እኛ ሰፈር ለቅሶ የሰማ ሰው የያዘውን አይጨርስም፤ የምታጥበው ከነአረፋዋ፣ የምታቦካው ከነሊጧ ትሮጣለች። አንቺ ሳሙናው ከክንድሽ ሳይወርድ ስትሮጪ፣ በፍቃዱ ከፊትሽ ሲሮጥ አይቻለሁ። እኔም ነጠላዬን አወረድኩ። መጽሐፉ የደረስኩበት እንዳይጠፋኝ የክብሪት እንጨት አስገባሁበት። አጠፍኩት። ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። በሩን ገርበብ አደረግኩ። ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ። እፍ ማለቴን ግን አላስታውስም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፈልገው ኖርኩ። የለም።

ሁላችንም ለቅሶ ላይ ስለነበርን ሰው አልሞተም፤ እትዬ ባይነሽ ሞታ አዳነችን ተባለ። የግቢያችን ቤት ግን አንድም አልቀረ። ማታውኑ በእሳት እንጀራ የሚበላ ሰው እሳት አመጣብን የሚል ተነሣ። በፍቃዱ ብረት ቀጥቃጭ በመሆኑ ቀድሞም ከኋላው የሚያንሾካሽክበት አልጠፋም። በጉባኤው ፊት አቁመው ሲጠይቁት ምድጃዬ ቀዝቃዛ ነበር አለ። ማን አየ አሉት። ጧት ያነጋገረኝ ሰው አለ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ስሜን ሊጠራ ይችል ነበር። አበልጁ ነኝና አላዋረደኝም።

በሦስተኛው ወር አውቶቡስ ተራ ልሸኛችሁ መጣሁ። ዳቦና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ነበር። አንቺ እጄን ስመሽ፣ «ከዚህ ሁሉ ሰው ፊትሽን ያላዞርሽብን አንቺ ብቻ ነሽ» አልሽኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለች።

ከትናንት በስቲያ፣ እሑድ፣ የእድሩ ጉባኤ ነበር። ጽሑፉን አዘጋጅቼ ሄድኩ፤ ቆሜ አነበብኩላቸው። ከበፍቃዱ ወናፍ ከሚለው ስደርስ እኔ የጻፍኩት፣ «ከበሩ አጠገብ ካለችው ክፍል በተነሣ እሳት» የሚል ነበር። ጋሼ ወልደሚካኤል እጃቸውን አነሡ። ያቺ ክፍል የማን ነበረች አሉኝ። እያወቁ ነው። ነገርኳቸው። ለአንቺ እንደጻፍኩት፣ ከጣሳው ጀምሮ።

አንዲት ሴት ከኋላ፣ «ተዉአት፣ ብቸኝነት አናውዟት ነው» አለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «በቃ እሳት ተነሣ ብለን እንለፈው። የማንም ስም አይነሣ። አንቺም አርፈሽ ዕድሜሽን ጨርሺ» አሉ። ክፋት የለውም፤ ለእኔ አዝነው ነው። የበፍቃዱ ስም አንዴ ተነሥቷል ጋሼ፣ የተነሣ ስም ዝም ስላሉት አይወርድም አልኳቸው። ለመናፈሻው ሠጉና በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ቢቀርስ አሉኝ። ቢቀር ቆርቆሮው ይቆማል፤ እኔ ግን ሌላ አልጽፍም አልኩ።

ያን ጊዜ ምንይሉ ተነሣ። የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር። «የኛ ቤት ከዐሥራ አንዱ አንዱ ነው» አለ። «አባቴ በፍቃዱን ሲረግም ኖሮ እየረገመ ሞተ። አሁን ያንን ርግማን ከማን ላይ ነው የማነሣው፣ የት ነው የማስቀምጠው?» ተቀመጠ። ወደ እኔ ያየ የለም።

ክርክሩ እስከ ቀትር ቆየ። በመጨረሻ ጋሼ ፈረዱ። እድሩ ዛፉን ይተክላል። ጽሑፉ እኔ እንዳነበብኩት ይቆማል፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ክፍል ይላል። በሰገነት ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ፤ የመናፈሻው መግቢያ የሚሆነው እዚያው የኔ ክፍል የነበረችበት ላይ ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ አልፏት ይገባል። የበፍቃዱ ስም ወደ መዝገቡ ተመልሷል። በሕይወት ያለ አባል ሆኖ አይደለም፣ የሞተ አባል ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ለሞተ አባል የሚገባው ሁሉ ይደረግለታል። ሰኔ 15 እሑድ ጧት ጥሩምባው ሰፈሩን ዞሮ መሞቱን ይናገራል። የእድሩ ድንኳን ዛፍ ከመተከሉ በፊት እዚያው ግቢያችን ውስጥ ይተከላል። ጋሼ ለሐዘንተኛ ማን ይቀመጣል ብለው ጠየቁ። እጽፋለሁ አልኩ።

እንግዲህ ነይ። ሎዛንም ይዘሽ ነይ። ሹፌሩ ዐርብ ሰኔ 13 ሲጭን ከጎኑ ያስቀምጣችኋል፤ ተነጋግረናል። ጋሼ እትዬ ባይነሽ ቤት ታድራላችሁ ብለዋል፤ ልጆቿ ክፍሉን አጽድተዋል።

እሑድ ዕለት የተጻፈው አንድ ወረቀት ብቻ አይደለም። አንደኛው የበፍቃዱን ስም የሚመልሰው ነው። ሁለተኛውም እንደ እድሩ ደንብ ነው፣ ያው የድሮው የስረዛ ቃል፣ ከስሙ በስተቀር የተለወጠ የለውም። የአሁኑ ጸሐፊ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛውን የትም መለጠፍ አላስፈለጋቸውም። አጥፌ ይዤው ወደ ቤት ገባሁ።

ስለዚህ በዕለቱ ድንኳን ውስጥ ብታጪኝ ታመመች አትበዪ። ከውጭ፣ ከሐጂ አብራር ግንብ ዘንድ ቆሜ እቆያለሁ። ልታልፊኝ ብትፈልጊ እለፊኝ፤ ያን ቀን አውቶቡስ ተራ ያልሽኝን መልሰሽ መውሰድ መብትሽ ነው።

የበፍቃዱን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ። የሎዛን ልጆች ያሳድግልን፤ ፊደል ሲቆጥሩ በመስኮት ብርሃን ይሁን።

እንዲህ ብዬ መፈረም አሁንም የሚፈቀድልኝ ከሆነ፣

አበልጅሽ