ጥያቄ የማይጠይቀው ዲስክ

ዓርብ መጋቢት 13 ቀን 2005 ዓ.ም.
ከዳንግላ ወደ ጫግኒ

ሰርኬ፣ እንኳን ሳቅሽ ኩርፊያሽም የናፈቀኝ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የእጅ ጽሑፌን ገና ስታዪው ልትቀድጂው ነው፤ አውቅሻለሁ። ቆይ። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊ፣ ከዚያ ቅደጂው። ሰኞ በአክስትሽ በእህተማርያም የላክሁልሽ ዲስክ ቢሮሽ ኮምፒውተር ውስጥ ካለ አሁኑኑ አውጪው። ማሽኑን እንዳታጠፊ፣ ገመዱንም እንዳትነኪ። ዲስኩን ብቻ። ለማንም አትናገሪ።

አወጣሽው? እሺ፣ አሁን ተቀመጪና ስደቢኝ።

ትናንት አስራ ዘጠኝ ጊዜ ደወልሁልሽ፣ አላነሳሽም። በቢሮው ስልክ ሞከርሁ። አንድ ወንድ አነሳና "መሳፍንት ነህ?" አለኝ። "ነኝ" ስለው "የለችም ብላለች" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ለሱ እንዳልነግረው ነገሩ አለቃሽ ጆሮ ይደርሳል። ከውጭ የመጣ ዲስክ ማሽኑ ውስጥ መክተት ክልክል ነው ብለሽኝ የለ? ዋጥሁት።

እኔ እንዳልመጣ በዚሁ ዲስክ ተከስሼ ፖሊስ መታወቂያዬን ይዞታል፤ እስከ ሰኞ ከዳንግላ ንቅንቅ እንዳትል ተብያለሁ። ወንድምሽ እንየውማ ጫግኒ ላይ ካየሁህ እግርህን ነው የምሰብረው ብሎኛል። እሱን እንኳ አልፈራውም። ሁለት እንየው ቢመጣም አልፈራም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በዚህ ዞን ዊንዶውስ እንደኔ የሚያራግፍ ሰው የለም፣ ይሄንን ጠላቴም ይመሰክራል። ዋናው ዲስክ ስድስት መቶ ሜጋ ነው። ለምን? የቻይና ፊደል፣ የጃፓን ፊደል፣ እዚህ አገር መጥቶ የማያውቅ የፕሪንተር ዓይነት፣ ፋይል ስትፈልጊ ጭራውን እየቆላ የሚመጣው ውሻ ሳይቀር ተጭኖበት! ሁሉንም ነቀልሁ። ካርታውን ብቻ ተውሁት፤ ያለ ካርታ ጨዋታ ቢሮ አይሠራም። የአማርኛ መጻፊያውን ራሱ እንዲጭን አደረግሁና መቶ ስልሳ ሜጋ ላይ አወረድሁት። አያትሽን የሚያህል አሮጌ ማሽን ላይ ጫኚው፣ ይበራል! ከባሕር ዳር ተመርቆ የመጣው ልጅ አንድ ማሽን ለመጫን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። የኔ አስራ አራት ደቂቃ። እኔ ስምንተኛን ያልጨረስሁት!

እንዴት አስራ አራት መሰለሽ? ጥያቄውን ስላወጣሁት ነው። ዋናው ዲስክ ይነዘንዛል። የት ልጫን፣ ያለውን ልደምስስ፣ እርግጠኛ ነህ፣ ስምህ ማነው። እኔ መልሱን ሁሉ አስቀድሜ ውስጡ ጻፍሁለትና አፉን ዘጋሁት። ማሽኑ ሲነሳ "በዲስኩ ልጀምር ወይ? ቁልፍ ንካ" የሚላትንም ነቀልኋት። ከቶ ዞር ማለት ነው፤ ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ያለውን ያጸዳል፣ ራሱ ይጭናል። አንድ ሰው ሳይነካው።

ቦታ ተረፈኝ። ባዶ ከሚሄድ ብዬ የአምናውን የጥር ሃያ ሦስት የፈረስ በዓል በስልኬ የቀረጽሁትን ከተትሁበት። እንግዲህ ሰው ዲስኩን የወደደው ለፈረሱ ነው። ይከፍታል፣ ያያል፣ እዚያው ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ነገ ደግሞ ሊያይ።

ማክሰኞ የቪዲዮው አስማረ ከጎረቤት ጋር ፈረስ እያየ ሳለ መብራት ጠፋ። ቡና ቤት ሄዶ አንድ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። በዚያ መሃል መብራት መጥቶ፣ ማሽኑ ተነስቶ፣ ዲስኩ ሥራውን ጨርሶ ጠበቀው። አራት ዓመት የቀረጸው ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ አንድም የለም። ስክሪኑ ላይ የአዲሱ ዊንዶውስ አረንጓዴ ሜዳና ሰማይ ብቻ።

"መሳፍንት፣ ምንድነው ያደረግኸኝ?" ብሎ ደወለ።

"ፍጥነቱን አየኸው?" አልሁት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያልሁት። ገና አልገባኝም ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ልመልሰው ታገልሁ። ያገኘሁት የሙሽራ ጫማና የግማሽ ኬክ ምስል ነው።

ጋሽ ደሴን ታውቂያቸዋለሽ? አምና ልጃቸው በሠርጉ በሦስተኛው ወር መኪና ተገልብጦ የሞተባቸው። የሠርጉ ቪዲዮ አስማረ ማሽን ውስጥ ነበር፤ ሐዘኑ በረድ ሲል እወስደዋለሁ ብለው ትተውት ነበር። በዚያው ማክሰኞ ማታ ሱቄ መጡ። እኔ የጠበቅሁት ጩኸት፣ ዱላ ነው። ከዘራቸውን አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ አንተ ጋ ነው አሉኝ" አሉ።

"ጋሽ ደሴ፣ እኔ ጋ የለም። ጠፍቷል።"

"ማን አጠፋው?"

"ማሽኑ።"

"ማሽኑን ማን አዘዘው?"

መጥረጊያ አንስቼ ሱቁን መጥረግ ጀመርሁ። እኔ! ስጠርግ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? እሳቸው ሱቅ እስክዘጋ አልተነሱም። ረቡዕም መጡ። ትናንትም። ዛሬም ይሄን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ደንበኛ ያያቸውና ይመለሳል። ትናንት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ሳይጠይቅ ነው የሚያጠፋው?" አሉ። "አዎ" አልሁ። "ነፍሰ ገዳይ እንኳ ማን ነህ ይላል" አሉና መሬት መሬት ማየት ቀጠሉ።

ዲስኩን ልሰበስብ ተነሳሁ። አስራ አራት ነበር የሸጥሁት። ጋሪ ተከራይቼ ዳንግላን አዳረስሁ፣ አስራ ሁለቱን ከጋሪው ጎማ ሥር እያስገባሁ ሰባበርሁ። አስራ ሦስተኛው እንጅባራ አንድ ተማሪ እጅ ነው። ስደውልለት "አይዞህ ወንድሜ፣ ብትፈልግ ብዙ አለኝ፣ ለጓደኞቼ ሁሉ ቀድቼ ሰጥቻለሁ" አለኝ። ለስንት? አላውቅም አለ። እነሱስ ለማን ቀዱለት? እሱንም አያውቅም። ሰርኬ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል።

አስራ አራተኛው ጥያቄውን ሳላወጣ በፊት የሸጥኋት አሮጌዋ ናት፤ እሷ አትጎዳም። ያንቺ ከተሸጡት ውጭ ነው።

አክስትሽ ትናንት ከጫግኒ ስትመለስ ጠየቅኋት። "አባቷን ፈረስ ላይ ስታይ አለቀሰች፤ ደጋግማ አየችው። ነገም አየዋለሁ ብላ እዚያው ውስጥ ተወችው" አለችኝ። እሷ ደስ እንዲለኝ ነው የነገረችኝ። እኔ እዚያው ስልኬን አውጥቼ ደወልሁልሽ።

ያ የመሬት ቢሮሽ ማሽን ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። የሁለት ቀበሌ ገበሬ መሬት፣ የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን፣ አንቺ በኪቦርድ አንድ በአንድ የመታሽው። የወረቀቱን መዝገብ አምና ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አበስብሶታል። ሌላ ቅጂ የለም። ያ ከጠፋ መጀመሪያ የሚሉት ጉቦ በልታ አጠፋችው ነው፤ አንቺን ያስሩሻል። ቀጥሎ ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ ሰው የወንድሙ ማሳ ላይ በሬ ጠምዶ ይወጣል። ምን ይዞ እንደሚወጣ እኔ አልነግርሽም።

ደግሞ የማሽኑን ማስነሻ ቁልፍ አስታወስሽ? ለገና ሽማግሌ ይዤ ልታረቅሽ መጥቼ፣ አንቺ እምቢ ብለሽ፣ አለቃሽ ግን "ከመጣህ አይቀር ይቺን እያት" ብሎኝ ኮምፒውተር ጠግኜ የተመለስሁ ዕለት። ቁልፉ ተሰብሮ ነበር። መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርጌ ሄድሁ። እናንተም ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን ብቻ እያጠፋችሁ ትወጣላችሁ። እንግዲህ አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ ከመጣ አለቀ።

ለምን እሱን ዲስክ ላክህልኝ ትያለሽ። የአባትሽን የጋሽ ገብረ ማርያምን ፈረስ ብቻ ባዶ ዲስክ ላይ ልጽፍልሽ እችል ነበር። እችል ነበር። ግን ሥራዬን እንድታዪልኝ ፈለግሁ። ያኮረፍሽኝ ዕለት፣ በአባትሽ አርባ፣ ድንኳኑን ትቼ እንጅባራ ኮምፒውተር ስከፍት የዋልሁት ለምን እንደሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነት ነገር እንደሆነ እንድታውቂልኝ። በቃ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ እጄ ደከመ።

ምናልባት ደርሰሽ ጠፍቶ ካገኘሽው አንቺ ምንም አታውቂም። "ዲስኩን የሰጠኝ ባሌ ነው፣ መሳፍንት ይባላል፣ ዳንግላ ነው ያለው" በይ። ይምጡና ይውሰዱኝ፣ ሱቄ ክፍት ነው። አምስት ወር ለማንም ባሌ አላልሽኝም፤ እስቲ ለፖሊስ እንኳ በይኝ።

እናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። እመብርሃን ከክፉ ሰውም ከክፉ ሥራም ትጠብቅሽ፣ ከኔም ጭምር።

ያንቺው መሳፍንት

ደግሞ ይሄን። ፖስታውን ላሽግ ስል ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሾፌር መጣ። "ጫግኒ እንዴት ናት?" አልሁት። "ከትናንት ማታ ጀምሮ ጨለማ ናት፣ ዛሬ ይመጣል ይላሉ" አለኝ። ለዚህ ነው ፖስታው ላይ ከታች ጀምረሽ አንብቢ ብዬ የጻፍሁት። ማሽኑ ጠፍቷል፣ መብራት እየጠበቀ ነው። ገመዱን እንዳትነኪ ያልሁሽን እርሺው። ሶኬቱን ንቀይ። ከዲስኩ መክፈቻ አጠገብ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ የወረቀት አግራፍ ዘርግተሽ ግፊባት፣ ትከፈታለች። ቢሮው ተዘግቶ ከሆነ ዘበኛውን ለምኚው፣ እምቢ ካለ መስኮቱን ስበሪው። እኔ መብራት ና ስል የኖርሁ ሰው፣ ዛሬ ከሱቄ በር ቆሜ አትምጣ እያልሁ ነው። አንቺ ግን ሩጪ።