ከፌሮው ሥር ያለች ክፍተት

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.፣ ኮሶዬ

ዛሬ የድልድዩን አርማታ ማፍሰስ ጀምረን ነበር። አጋማሹ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሰዎቹ ሲረማመዱበት ፌሮው ወርዶ አርማታውን ከታች በያዘው ጣውላ ላይ ተኝቷል። ከሥሩ የደገፍንባቸው የሲሚንቶ ቁራጮች ተንሸራተው ወጥተዋል።

«አቁሙ!» አልኩ።

የሠራተኞቹ አለቃ አያ ታከለ አካፋቸውን ተክለው አዩኝ። ሥራውን ልቆጣጠር ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ወዳጅ የምለው እሳቸውን ብቻ ነው።

«ምነው? ሲሚንቶው ይሸፍነው የለ?»

«ከላይ እንጂ ከታች አይሸፍነውም፣ አያ። ብረቱ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፤ ድልድዩም ይሰነጠቃል። የፈሰሰው ይዛቅ።»

«በልጆቼ ፊት ሥራህን አፍርስ ትለኛለህ?»

«ይዛቅ» ብዬ ደገምኩ። ሰዎቹ ሳይደርቅ ዛቁት። ፌሮውን እያነሳን ቁራጮቹን ከሥሩ በሽቦ አሰርን፤ ጀንበር ሳትጠልቅም እንደገና ሞላነው። ሸጋ ሆኖ ወጣ።

ሠራተኞቹ ሲበተኑ አያ ታከለ በየስማቸው እየጠሩ፣ «ነገ ሚካኤል ነው፤ ቤቴ እንዳትቀር» ይሏቸው ነበር። እኔ አጠገባቸው ጉጠቴን አጥባለሁ። ተራዬ ሲደርስ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ዳገቱ ወጡ።

ነገ ሥራ የለም። ሳልጠራ ብሄድስ…