በኪስህ ያገኘሁት ቀንድ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ በቀደም ስትመጣ እንቅልፍ እንዳጣህ ነግራኛለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ዓሣዬንም ቆርጬ ሰቅዬ ጨርሻለሁ። ልጅህ ላሪሳ በሰላም በመገላገሏ ደስ ብሎኛል። ሴት ናት አሉኝ። ጸጉሯም ብዙ ነው አሉኝ።

ይህን በሬዲዮ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን በሬዲዮ የተነገረ በየቤቱ ይሰማል፤ ይህን ደግሞ አስቀድመህ አንተ ብቻ እንድትሰማው ፈለግሁ። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

ከዚያ ሰኞ ልጀምር።

ጠዋት ማትሮናዬ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ፣ የደረቀ ዓሣ እያኘከች፣ በሬዲዮ ጠራችህ። “አጎቴ፣ ቀንዱ ቦታው ላይ ነው?” አለችህ። አንተም “ቦታው ላይ ነው፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ቶሎ ነይ፣ ፖስታው ዘግይቷል” አልካት። ሽማግሌው ኒኪፎርም ከቤቱ ሆኖ ጣልቃ ገባና፣ “ትራስሽን እንዳትረሺ፣ አለዚያ አውሮፕላኑ ሰው ሳይኖርበት የሚበር ይመስለናል” አላት። “አንተን የጫንኩ ቀን ነው መብረር የሚያቅተው፤ ሆድህን ቤት ትተህ ና” ብላ መለሰችለት። በየቤቱ ሲሳቅ ተሰማ። ልጄ አጭር ነበረች፤ የአብራሪ ወንበሯን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ካልሳበች እግሯ መርገጫው ላይ አይደርስም። ያን ሁሉ ንግግር መንደሩ ሰምቷል። ቀንድ የተባለው ምን እንደሆነ የገባን ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን።

እኔ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሬዲዮዬን ዓሣ መስቀያው ላይ አንጠልጥዬ መቁረጥ ጀመርኩ። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ሽቅብ እንደሚወጣ ሰው አቃሰተ። ከዚያ ዝም አለ። ወደ ታችኛው መንደር ዞራ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንደዚያ ብዬ አንድ ዓሣ ጨምሬ ቆረጥኩ። ያንን ዓሣ ማንም አልበላውም፤ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

ቀጥሎ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ነው። “ማንም ሰው እኅቴን ወደ ሜዳው እንዳያመጣት። ወንዙ ዳር ያዟት” አልክ። ሬዲዮዬ ክፍት መሆኑን ረሳኸው። ልጅሽ ሞተች ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ያዟት ስትል ሰምቼ ነው ያወቅሁት።

መርማሪው በሦስተኛው ቀን ከአንኮሬጅ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ያቀረብኩለትን የዓሣ ሾርባም ጨርሶ ጠጣ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያነሳ ወንበሯ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ መሪውን እንደያዘች ስለሄደች መሪውም አብሯት ተሳበ፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና፤ ክንፉ አየሩን መያዝ ተሳነው ብሎ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። “ወንበር እንዴት ሰው ይገድላል?” አልኩት። እርሱም ወረቀት ሰጠኝ።

ያን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አነበብኩት። እንዲህ ያለ ወንበር ባለው በአንድ ሞተር አውሮፕላን፣ በብዙ ዓመት ውስጥ፣ እንደ ልጄ የሞቱት ሰዎች ዝርዝር ነው። ሐይቅ ውስጥ የወደቀ አለ። የልጅ ልጁን ይዞ የተነሳ አያት አለ። ሠርጓ ላይ ልትደርስ የተነሳች ሴት አለች። ሠሪዎቹ ለባለ አውሮፕላኖች ሁሉ ጽፈው ነበር፦ ወንበሩ የሚቆለፍበትን የሐዲዱን ቀዳዳ በየጊዜው ለኩ፣ ከሰፋ ሐዲዱን ለውጡ፣ ሁለተኛ መያዣም ጨምሩበት ብለው። እኔ ያልተማርኩት እንኳ ገባኝ።

መርማሪው አንተንም እዚያው ቤቴ ጠየቀህ። ሐዲዱ በአደጋው ተጣምሞ ስለነበር መለካት አልቻለም። አንተ የአውሮፕላኖችህን መዝገብ ገለጥክ፤ ቀዳዳዎቹ ተለክተዋል፣ ደህና ናቸው የሚል በእጅህ የተጻፈ፣ ከሥሩም ፊርማህ አለ። “ወንበሩን ሌላ የሚይዝ ነገር ነበር?” አለህ። “ሌላ ነገር የለም” አልከው። እኔ ሾርባውን ይዤ ቆሜ ነበር። ቀና ብለህ አየኸኝ። እርሱም ወንበሯ መቆለፉን ሳታረጋግጥ ተነስታለች ብሎ ጻፈ። ልጄ ጥፋቷን ይዛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ልትገባ ነው።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ባለቤትህ ጃኬትህን ዚፑን እንድሠራልህ አመጣችው። በውስጥ ኪሱ አንድ የዓሣ መንጠቆ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ ከእነርሱም ሥር ቀንዱን አገኘሁት። ያው የአጋዘን ቀንድ፣ ከወንበሩ ኋላ ሐዲዱ ላይ የሚገባው ሽብልቅ። ጃኬትህን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ቀኑን ቆጠርኩ። ቅዳሜ ብቻህን ወደ ዓሣ ማጥመጃው ሰፈርህ በረሃል። እግርህ ረጅም ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ሽብልቁን አውጥተህ ኪስህ ከተትከው። ሰኞ አልመለስከውም።

መርሳትህን አውቃለሁ። ሰው ይረሳል። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት “እኔ ራሴ አይቼዋለሁ” ስትላት ረስተህ አይደለም። ሳታይ ነው ያልካት። እርሷም አመነችህ፤ ምክንያቱም በልጅነቷ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ መሪ ያስያዝካት አንተ ነህ።

ሐዲዱ እንዲለወጥ የለመነችህ ባለፈው ክረምት፣ ወንዙ ገና በረዶ ሲይዝ ነው። ዕቃው እስኪመጣ በዚህ እንያዘው አልክ። በረዶው ቀለጠ፣ ዳክዬዎቹ ተመለሱ፣ ዕቃው አልመጣም። አዝዘኸው እንደሆነም እንጃ። እዚህ አገር ሁሉን ነገር ባገኘነው እንጠግናለን፤ ጀልባውን በቆርቆሮ፣ ምድጃውን በሽቦ። ወንበሩንም በቀንድ ጠገንን። “እናቴ፣ ይሄ ነገር ደስ አይለኝም” ብላ ስትነግረኝ፣ “አጎትሽ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የሚበር ሰው ነው፣ ዝም በይ” ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም።

ቀንዱን አውራ ጣቴን እያሳለፍኩ ዳሰስኩት። ቢላው ያዳለጠበት ያ ረጅም ጭረት እንዳለ ነው። ጭረቱ የሚያበቃበት ቦታ፣ አውራ ጣቴ ላይ ካለው ጠባሳ ጋር ልክ ይገጥማል።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ነገር ልምጣ። አንተ አልጠየቅህም፤ ባለቤትህን ነው የላክኸው። ነጭ ዓሣ ይዛ መጣች፣ ቁጭ አለች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ “ላሪሳ ለሕፃኗ የማትሮናን ስም ትለምንሻለች” አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት። ስሙን ከሰጠሁ መንደሩ ታርቀዋል እንደሚል ታውቃለህ፤ ለዚህም ነው የፈለግኸው። መጀመሪያ ልከለክልህ አስቤ ነበር። የሌላ ሰው ስም ትያዝ፣ የእኔ ልጅ ግን በዚያ ቤት አትገባም ብዬ ነበር።

ኋላ ግን የተሻለ ነገር ታየኝ። ስሙን ሰጥቼሃለሁ።

ማትሮና ትባል። የልጄ አርባ ዓርብ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ውኃውን ረጭተው ስሙን ይስጧት። ከዚያ በኋላ እንደ ወጋችን የሄደችው ተመለሰች ማለት ነው። እኔን እናቴ ትለኛለች። አንተም የልጅ ልጄ አትላትም፤ የእኅቴ ልጅ ትላታለህ። ጠዋት ስትነሳ ትጠራታለህ። ሾርባ ስትደፋ ትጠራታለህ። ወደ ወንዙ ስትሮጥ ማትሮና፣ ማትሮና እያልክ ትከተላታለህ። ኒኪፎር ዕድሜ ከሰጠው ትራስሽ የት አለ እያለ ይቀልድባታል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አንተም አብረህ መሳቅ ይኖርብሃል። አድጋ ነገር ስትለይ ደግሞ የሌላ ሰው ስም የያዙ ልጆች ሁሉ የሚጠይቁትን ትጠይቅሃለች፦ “እኔ ያኔ እንዴት ነው የሞትኩት?” ትልሃለች። ሰው በተሰበሰበበት ይሆናል የምትጠይቅህ። ያኔ ፊቷን እያየህ፣ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው ልትላት ትችል እንደሆነ አያለሁ።

ለስሟ የሚገባውን ስጦታ አዘጋጅቻለሁ። ከማትሮና ካፖርት ቆርጬ ትንሽ ካፖርት ሰፍቼላታለሁ። ጥርስ ስታወጣ የምትነክሰውም ነገር በክር አድርጌ አንገትጌው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ቀቅዬዋለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙንም ድዷን እንዳይጎዳት አለስልሼዋለሁ። ጭረቱን ግን አልነካሁትም። ላሪሳ የአጋዘን ቀንድ መሆኑን እንጂ ሌላ አታውቅም። ካፖርቱን ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሃለሁ፤ አንተ ስታየው ታውቀዋለህ።

መርማሪው ወረቀቱን ሊዘጋ ሐሙስ ይመለሳል። እኔ አልነግረውም፤ አንተ ትነግረዋለህ። ነግረኸው ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ ካኖርክለት፣ የልጄም ስም ከጥፋቷ ጋር ሳይጻፍ ከቀረ፣ ለሕፃኗ ከእንጨት ሌላ እሠራላታለሁ። ፈቃድህን ይወስዱብህ ይሆናል፤ አውሮፕላኖቹም ይቆሙ ይሆናል። እኔ በጀልባ መሄድ አያቅተኝም። ካልነገርከው ግን ዓርብ ካፖርቱን አልብሳት፤ ቀንዱም እፊትህ አንገቷ ላይ ይንጠልጠል፤ ጥርሷንም በእርሱ ታብቅል።

መርማሪው ቀንዱን ማን እንደ ቀረጸው ከጠየቀህ አትዋሸው። ሐሙስ ከቤቴ አልወጣም። ሾርባም እሠራለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። እርሷ አድጋ እስክትጠይቅህ ድረስ ጤና ይስጥህ፤ ዓይንህም ጆሮህም ደህና ይሁኑልህ። ላሪሳን ማርያም ትማራት። ሕፃኗን ከእኔም ካንተም በደል ይጠብቃት፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ይህ ወረቀት ካንተ እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው ካነበበው፣ በእኔም ባንተም ከመፍረዱ በፊት፣ አጎቷን አምና እናቷን ሰምታ ለተነሳችው ለማትሮና አንድ ጊዜ አቤቱ ነፍሷን ማርልን ይበልልኝ።

እኅትህ፣
የማትሮና እናት