ያልነበረኝ ወንድም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 1
ዝናብ። ጠዋት ጫማዬን አሰፋሁ። ከሰዓት የጋዜጣው አለቃዬ ሃዋርዝ ጠራኝ። ደስ ሲለው እርሳስ ያኝካል፤ ዛሬ ግማሹን ጨርሶታል።
«ኦርምሮድ፣ ፍሊትዉድ ከተማ ሂጂ። ክሮስሊ የሚባል ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሽ ይዞ ሙታን አነጋግራለሁ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ነው... እንዴት እንደሚያታልል አምጪልኝ።»
በአሥራ አንድ ዓመት ስድስተኛው አታላይ። ፈዋሽ፣ ጠንቋይ፣ የዓለም መጨረሻን ቀን ቆርጦ የሚያውቅ... ሁሉንም አጋልጫለሁ። ሰው ለምን እንደሚያምን ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። ማን ይጠይቀኛል?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 2
በሐሰት ስም ገባሁ። ሻይ የምትቀዳው ሴት ወሬ ትወዳለች። ለሷ ብቻ ነገርኳት፦ ሌን የሚባል ወንድም ነበረኝ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሕር በላው። ወንድም የለኝም። እህትም የለኝም።
አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ሚስስ ትሬልፎል ይባላሉ። ልጃቸው ዴሪክ ከስድስት ዓመት በፊት ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ቀረ። አስከሬን የለም። ክሮስሊ «ዴሪክ ደህና ነኝ ይላል» ሲላቸው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9
ክሮስሊ ዓይኑን ጨፈነ። «ሌን... ውሃ... ብርድ... ለእህቴ ንገሩልኝ ይላል።»
ያዝኩህ! ስስቅ እንዳልታይ አቀረቀርኩ። ሚስስ ትሬልፎል የማለቅስ መሰላቸው። እቅፍ አድርገው፣ «አይዞሽ ልጄ። ዴሪክ እዚያ አለ፤ ብቻውን አይተወውም።» ከቦርሳቸው ብስኩት አውጥተው ሰጡኝ።
በላሁት። ምን ላድርግ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 14
ሻይ ጠሩኝ። መንገድ ስንሻገር ትራም የሚሉት የከተማ ባቡር ሊጨፈልቀን ነበር። አላዩትም። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሰርዘውታል።
«ለምን?»
«ዴሪክ እንቢ አለ። በክሮስሊ በኩል። እናቴን ቢላዋ እንዳይነካት አለ።»
ይሄስ ጨዋታ አይደለም።
ስወጣ፣ «የሌን ፎቶ የለሽም? ከዴሪክ ጎን ላስቀምጠው።»
አለ አልኩ። ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 15
ከቢሮ መሳቢያ አንድ አሮጌ ፎቶ አወጣሁ። ስም የለውም። ትልቅ ዓሣ ታቅፎ የሚስቅ ጎረምሳ። ወሰድኩላቸው። ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በጣታቸው ዳበሱት። «ቁርጥ አንቺን» አሉ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 26
ጽሑፉ ነገ ይወጣል። ከጋዜጣ እንዳይሰሙት ቀድሜ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሜን፣ ሥራዬን፣ ሻይ ቀጂዋ ለክሮስሊ ወሬ እንደምታቀብል...
«ሌን የሚባል ልጅ የለም?»
«የለም።»
«ማታ ማታ ጸልዬለታለሁ እኮ።»
«ይቅር ይበሉኝ። ዓይንዎን እንዲታከሙ ብዬ...»
«ቆይ። ሌን ከሌለ... ያ የሚያናግረኝም ዴሪክ አይደለማ።»
«አይደለም» ማለት አቃተኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬ ይቺ ቃል ነበረች።
«የቀረኝ እሱ ነበር፤ ወሰድሽው። ሂጂልኝ።» በሩን ዘጉት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 27
ወጣ። ሃዋርዝ ኬክ ገዛ። «ነብር ነሽ!» አለኝ። ክሮስሊ ከተማውን ለቋል ይላሉ። ኬኩን አልቀመስኩትም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20
ስልክ። «ዓይኔን ተሠራሁ። ነይ።» ጆሮዬ ላይ ዘጉት።
ሄድኩ። ወፍራም መነጽር አድርገዋል። ከምድጃው በላይ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን። የኔን ውሸት አላነሱትም!
«ፋሻውን ፈትተውልኝ ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ዴሪክን አየሁ። ከዚያ ይሄን። ደግሞ ምኑም አንቺን አይመስል! ጆሮው የድስት ጆሮ!» ሳቁ። ወዲያው ተዉት። «የሰው ልጅ ነው። እናት አለችው። መርማሪ ነኝ ትዪ የለ? በይ ስሙን ፈልጊ።»
ይቅር ብለውኝ ይሆን? አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 24
ሃዋርዝን ለምኜ ፎቶውን ጋዜጣው ላይ አስወጣሁ። «ይህን ልጅ የሚያውቅ አለ?» ከሥሩ የራሴ ስምና ስልክ። እስከ ዛሬ ስሜን ሳልደብቅ ሰው ጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 28
አንዲት ሴት ደወለች። እየሳቀች። «ባሌ እኮ ነው!»
ሲሪል ባምበር። አርባ አንድ ዓመቱ። ቧንቧ ሠራተኛ። ከሚስስ ትሬልፎል ቤት በትራም ሁለት ፌርማታ።
ሃዋርዝ «ጻፊው!» አለ። አልጽፍም አልኩት። እርሳሱን አስቀመጠ።
በረርኩ። ሚስስ ትሬልፎል የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከፈቱልኝ።
«በሕይወት አለ?»
«አለ። መላጣ ሆኗል አሉ።»
«ሞተ ብዬ ስጸልይለት?»
«አዎ።»
ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የምር። እሑድ ከነሚስቱ ሻይ እንድጠራው፣ ዓሣም እንደሚጠብሱ ነገሩኝ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ወደ ፎቶዎቹ ዞሩ።
«አንዱ እንኳ ተመለሰ» አሉ።